«ተኝታለች»

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት የጠፋሁት ለበዓሉ ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለ ሻንጣዬ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ደህና ናት፤ ዚፗም ተጠግኗል። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማስታወሻውም ከፊቴ ተቀምጧል። ነገር ግን ከተመለስኩ አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ስላለችኝ፣ እሷን ሳልናገር ወደ ሌላው መሻገር አልቻልኩም።

የደረስኩ ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አልጋው ያደግኩበት አልጋ ነው፤ ክፍሉም ያው ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ሲነሳ የተወው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን እንኳ አልጠፋም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፎ ይመስለኛል፣ የእናቴን ነጠላ ጫማ ድምፅ ከኮሪደሩ ሰማሁ። ወደ እኔ ክፍል እንደምትመጣ ወዲያው አወቅኩ፤ ልጅ ሳለሁም ድምፁን የምለየው በዚሁ ነበር፤ በሬ ጋ ስትደርስ እርምጃዋ ይቀንሳል። በሩ ገርበብ አለ። ቀጭን ብርሃን ወለሉን አቋርጦ እስከ አልጋው እግር መጣና ቆመ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

ለምን እንደጨፈንኩ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። «አልተኛሁም፣ ግቢ» ማለት ይቻለኝ ነበር፤ እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ልናወራ እንችል ነበር። እኔ ግን ትንፋሼን እንደተኛ ሰው አረዘምኩት። ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ወይም ለእኔ ረጅም መሰለኝ። ከዚያ እጀታውን እንዳይንቋቋ በሁለት እጇ ይዛ ስትዘጋው ታወቀኝ፤ ምክንያቱም ያ እጀታ በአንድ እጅ ከተያዘ ሁልጊዜ ይጮኻል። ከበሩ ማዶም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተኝታለች» አለች።

«ምን?» አለ አባቴ ከመኝታ ክፍላቸው።

«ተኝታለች።»

«ማን?»

«ልጅህ! ተኝታለች!»

ሦስተኛው ጩኸት ነበር ማለት ይቻላል። እኔን ላለመቀስቀስ በሁለት እጇ በር የዘጋች ሴት፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቤቱን የሚያናውጥ ድምፅ አወጣች። ከዚያም ፀጥታ ሆነ። እኔም በጨለማ ውስጥ ዓይኔን ገልጬ ጣሪያውን እያየሁ፣ አባቴ ጆሮው እንደደከመ ያወቅኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

ስለ እንቅልፉ ትንሽ ልበል፤ ከነገሩ የራቀ ሊመስል ይችላል፣ ለእኔ ግን አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በአዲስ ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል እንደ ቀኙ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ እንደማይገባ፣ እንግዳ ድምፅ ሲሰማም ፈጥኖ እንደሚነቃ አሳይተዋል። ግማሹ አንጎል ዘብ ይቆማል ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ቆይቻለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ትዝ ሲለኝ ከፋኝ። ያደግኩበትን ክፍል አካሌ እንደ እንግዳ ቦታ ከቆጠረው፣ እዚያ ቤት ውስጥ እኔ ማን ነኝ? ምናልባት የጉዞው ድካም ብቻ ይሆናል። በማግስቱ ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኝቻለሁና ይህን ያህል ላጋንነው አይገባም።

ወደ አባቴ ልመለስ። ለሁለት ዓመት ያህል ስደውል ስልኩን አንስቶ «ደህና ነሽ? እናትሽን ልስጥሽ» ብሎ ያቀብላት እንደነበር ከዚህ በፊት ነግሬያችኋለሁ። እንዲያውም በአንድ ዝግጅት ላይ አባቶች ሲያረጁ ዝም እንደሚሉ፣ የእኔም አባት ከእኔ እየራቀ እንደሆነ በሰፊው ተናግሬያለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ስለየራሳችሁ አባቶች ጽፋችሁልኛል። ያ ዝግጅት አሁን ያሳፍረኛል።

ምክንያቱም ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለው አካል ውስጥ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት መግቢያው አጠገብ ያሉት ናቸው፤ ከዕድሜ ጋርም ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ አንዴ ከሞቱም አይተኩም። ስለዚህ የሚሄደው በመጀመሪያ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ች»ን የመሳሰለው ነው። የአናባቢው ወፍራም ድምፅ ይቀራል። ሰውየው እየተነገረው እንደሆነ ይሰማል፤ ምን እንደተባለ ግን አይለይም። በዚህ ላይ የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይቆርጠዋል። የእኔ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። አባቴ ለሁለት ዓመት በጆሮው ይዞት የነበረው የእኔን ቃላት ሳይሆን የቃላቴን ቅሪት ነበር፤ ያንንም እንዳላውቅበት ስልኩን ፈጥኖ ያቀብል ነበር። ቢያንስ እኔ እንዲህ ተረድቼዋለሁ። እሱ እንዲህ አላለኝም።

በማግስቱ እህቴን ስጠይቃት፣ «አንቺ ሩቅ ነሽ፤ እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለችኝ። ተናደድኩ። ሩቅ መሆኔ መረጃ የሚያስከለክለኝ ከሆነ፣ በበዓል የምመጣው ምን ልሆን ነው? ይህንንም አልኳት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ «አንቺስ ስንቱን ነግረሽናል?» አለችኝና የያዘችውን ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። መልስ ነበረኝ፤ አልመለስኩላትም። የክረምቱን ጉዳይ ታውቃላችሁ፤ እነሱ አያውቁም። ይህን አሁን አልነካውም።

በበዓሉ ቀን ቤቱ በሰው ሲሞላ አባቴን ብቻ ስመለከት ዋልኩ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ለደከመ ጆሮ ከሁሉ የከፋ ነው። ጥጉን ይዞ ተቀምጧል፤ ሰዎች ሲስቁ እሱም ይስቃል፤ ግን ሁልጊዜ ጥቂት ዘግይቶ፣ ፊታቸውን አይቶ ነው። ይህን የምታስተውሉት ካወቃችሁ በኋላ ነው፤ ካስተዋላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አትችሉም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጮህ እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ጩኸት ከፍ የሚያደርገው የሚሰማውን ወፍራሙን ድምፅ ነው። ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ፣ ቀስ ብዬ፣ «አባዬ፣ ጆሮህን ለምን አትመረመርም?» አልኩት። በደንብ ሰማኝ። ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረገና «መስማት ያለብኝን ሰምቻለሁ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ። በሰዓቱ መጽናናት መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ በመንገድ ላይ ሳስበው ግን በር መዝጋት ሆኖ ታየኝ። መመለሻ መንገድ ከመሄጃው ያጥራል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ይህኛው አላጠረም። እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን የመስማት ችግርን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ፣ ግን መፍትሔ ሊገኝላቸው ከሚችሉ ነገሮች መካከል መቁጠሩን አውቃለሁ፤ ስለዚህ «ምርጫው የራሱ ነው» ብዬ መተው ይከብደኛል። ልጎትተው ደግሞ አልችልም። እናቴስ? ሌሊት ሌሊት እየጮኸች ስንት ዓመት…

ትናንት ማታ ደወልኩ። እሱ አነሳ። «ደህና ነሽ? እናትሽን ልስ…» ሲል «አባዬ፣ ቆይ» አልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ድምፄን አወፍሬ። ቆየ። ስልኩን አላቀበለም። እኔ ግን ምን እንደምለው አላዘጋጀሁም ነበር፤ እሱም ምንም አላለም። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። የእኔ ይሰማው እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ከኋላ «ማን ነው?» ስትል ሰማሁ፤ እሱ አልመለሰላትም፤ ሰምቷት እንደሆነም…