በድሬ ሙቀት ምን እንልበስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬዲዮ ስለ ዘወትር ልብስ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆ ብዙ ጥያቄ ቀረ። የመለስኩትንም በጥድፊያ ነው የመለስኩት። ስለዚህ እዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው ብያለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ትንሽ የስፌት ቤት አለችኝ። ሙያውን የለመድኩት ግን ሐረር፣ መኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ስሙም የወጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ መጀመሪያ የተማርኩት ጨርቅ መቁረጥ አይደለም፣ መዳሰስ ነው። ዓይንን ጨፍኖ በጣት ብቻ ጥጡን ከፖሊስተሩ መለየት። ዛሬም ደንበኛ ሞዴል በስልክ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ጨርቅ?» ብዬ ነው።

ከሳቢያን የደወለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ኦቨርሳይዝ ቲሸርት በጣም እወዳለሁ። ግን ሦስቴ ሳጥበው አንገቱ ይለጠጣል፣ ጎኑ ይጣመማል። በየወሩ መግዛት ሰለቸኝ። ምን ዓይቼ ልግዛ?»

እታለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ኦቨርሳይዝ ማለት ትልቅ ቁጥር ማለት አይደለም። ስሞል የምትለብስ ልጅ ኤክስ ኤክስ ኤል ስትገዛ አንገቱም አብሮ ይሰፋል። ትከሻዋ ላይ አይቆምም፣ ቀኑን ሙሉ ስትጎትተው ትውላለች። እየጎተተች ደግሞ የባሰ ትለጥጠዋለች። ከመጀመሪያው ኦቨርሳይዝ ተብሎ የተቆረጠ ቲሸርት አንገቱ ልክ ነው። የሚሰፋው ደረቱና እጅጌው ነው፤ የትከሻው ስፌት ከአጥንቱ አልፎ ክንድ ላይ ያርፋል። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ይህን እዪ።

ከዚያ የአንገቱን ዙሪያ በሁለት ጣት ሳብ አድርገሽ ልቀቂው። ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ተንዘላዝሎ ከቀረ እጥበት አይችልም። ቀጥሎ ቲሸርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊውና የጎኑን ስፌት ተከተዪ። ከብብት እስከ ታች ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ገና ሳይታጠብ ወደ ሆድ የዞረ ከሆነ ሲቆረጥ ነው የተበላሸው፤ ታጥቦ ይብሳል እንጂ አይስተካከልም። በመጨረሻ እጅሽን ከውስጥ አስገቢና ወደ ብርሃን ያዢው። ጣቶችሽን አንድ በአንድ መቁጠር ከቻልሽ ስስ ነው። ክብደቱ የተጻፈበት ካገኘሽ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ለእኛ አገር ይስማማል። ከዚያ በላይ ከወፈረ በድሬ ቀትር ላይ አይቻልም።

ጥጥ መሆኑን በምን ልወቅ ላልሽው፣ መለያው ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኚ። ከታችኛው እጥፋት ውስጥ ከራሱ ከጨርቁ ትንሽ ክር ምዘዢ። የተሰፋበትን ክር ግን አትምዘዢ፤ የስፌት ክር ጥጥ ልብስ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ ያሳስትሻል። ቤትሽ ሆነሽ፣ ክሩን በመቆንጠጫ ይዘሽ ሳህን ላይ ለኩሺው። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱ በጣት ሲነካ ይበተናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይቀራል። ሁለቱንም ካየሽ ድብልቅ ነው።

ለምን ይህን ያህል ስለ ጥጥ አወራለሁ? ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ሙቀቱን ሁላችን እናውቀዋለን። ጥጥ ከአየር ብቻ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላቡ ቆዳሽ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ለስፖርት ግን ፖሊስተር ክፉ አይደለም፣ ቶሎ ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚለበስ ነው የማልመክረው።

በየወሩ አትግዢ የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንድ የጥጥ ቲሸርት ጥጡ ከሚበቅልበት ጀምሮ እስከ 2,700 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ሲያብረቀርቅ እያየ ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየወሩ ከመግዛት በዓመት ሦስት ደህና ደህናውን ግዢ።

ከገንደ ቆሬ የደወለ ወጣት፦ «አቦ፣ አራት ስኪኒ ጂንስ አለኝ። አሁን ሁሉም ሰው ቦላሌ ሆኗል። የእኔን ማስፋት ይቻላል ወይስ ልጣለው?»

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። አይሰፋም። በስፌቱ ውስጥ የሚተርፈው ጨርቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሁሉንም ብለቅልህ ከሁለት ሦስት ሴንቲ በላይ አታገኝም። ጎኑ ላይ ሌላ ጨርቅ የሚጨምሩ አሉ፤ ያምርብኛል ካልክ መብትህ ነው፣ እኔ ግን ገንዘብህን ተቀብዬ አልሠራውም።

መጣልም የለብህም። ከአራቱ ጨርቁ ወፍራምና ቀለሙ ያልለቀቀውን አንዱን አስቀምጥ። የአባትህን የወጣትነት ፎቶ አውጥተህ እይ፤ ቦላሌው ያኔም ነበር፣ ከዚያ ጠፋ፣ አሁን ተመለሰ። ጠባቡም ተራው ይደርሳል። ሁለቱን ከጉልበት ላይ ቆርጠህ ቁምጣ አሠራ። አራተኛው ለመጣፊያ ይሁን። ጂንስ በጂንስ ሲጣፍ ነው የሚያምረው።

አዲስ ስትገዛ ቀጥ ያለውን፣ ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት እኩል የሚወርደውን እመርጥልሃለሁ። ፋሽኑ ወዲህም ወዲያም ቢሄድ አያሳፍርህም። ክብደቱን ጠይቅ፤ የጂንስ ጨርቅ በአውንስ ነው የሚለካው። ከ8 እስከ 10 አውንስ ለድሬ ይሆናል። 14ቱን ለደጋ ሰው ተውለት።

የጂንስ ኪስ ጥግ ላይ ያሉት ትንንሽ የመዳብ ችንካሮች ከየት እንደመጡ ታውቃለህ? ጄከብ ዴቪስ የሚባል አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነው ያመጣቸው። የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ላይ እየተቀደደ ስላስቸገረ መጋጠሚያውን በመዳብ ቸነከረው። እ.ኤ.አ. በ1873 ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ይህን ታሪክ የምወደው ሐሳቡ የመጣው እንደ እኔ ልብስ ከሚጠግን ሰው ስለሆነ ነው። ዛሬ ጂንስ የሚያልቀው ኪሱ ላይ አይደለም፣ ሁለቱ ጭኖች የሚፋተጉበት ቦታ ላይ ነው። ሱሪህን ገልብጠህ እዚያ ጋ ተመልከት። ሰማያዊው ክር አልቆ ነጩ ብቻ ከቀረ ሳይቀደድ አምጣው። ከውስጥ ስስ ጨርቅ አድርጌ ወዲያ ወዲህ እሰፋዋለሁ። ከተቀደደ በኋላ ግን መጣፊያው ይታያል።

ከመጋላ የደወሉ እናት፦ «ልጆቼ ሽቲ ለብሼ ስወጣ ያፍሩብኛል። የቤት ልብስ ነው ይሉኛል። እውነት ፋሽኑ አልፎበታል?»

አንቱ ብዬ ልመልስላቸው ስጀምር «አቦ፣ አንቺ በይኝ!» አሉኝ። ድሬ አይደል። እሺ፣ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ እናቴ።

አላለፈበትም። ልጆችሽ ስልካቸው ላይ የሚያዩት ሰፊ፣ ረጅም፣ ወገቡ ያልተያዘ ቀሚስ እኮ የሽቲ ታናሽ እህት ነው። ሽቲ ሁለት ጎኑ ተሰፍቶ አንገት የወጣለት ሰፊ ጨርቅ ነው። ስትራመጂ አየሩ ከታች ይገባል፣ በአንገትና በእጅጌ ይወጣል። ለሙቀት ከዚህ የተሻለ አቆራረጥ እኔ አላውቅም። ጨርቁም ትንሽ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ስለዚህ ከጣቃው ብጥስጣሽ አይተርፍም። ሲያረጅ ደግሞ ከአንዱ ሽቲ የልጅ ቀሚስም የትራስ ልብስም ይወጣል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ ስንት ዓይነት ጨርቅ ከጅቡቲ በኩል መጣ፣ ስንት ሞዴል አለፈ። ይህ አቆራረጥ ግን አለ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ጨርቁ ነው። ለቤት የምትለብሺው ስስና አበባው የበዛበት ከሆነ ልጆችሽ ያሉት ትንሽ እውነት አለው። ለውጪ አንድ ቀለም ያለው፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ጥጥ ግዢ። ጎኑን ከጉልበት ዝቅ ብሎ ክፍት ይተዉልሽ፣ ኪስ ይጨምሩልሽ። ወገብሽን በቀጭን መቀነት ያዝ አድርጊው፤ እግርሽ ላይ ቆዳ ሰንደል። ድሪያ የሚባለው ሰፊ ቀሚስ ግን ሌላ ነው፣ ስስ ስለሆነ ከውስጥ ጉርድ ይፈልጋል። ያ ጉርድ ናይሎን ከሆነ ደግሞ የድሪያው ቅለት ምን ዋጋ አለው? ውስጡንም ጥጥ አድርጊው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ የእናቷን ሽቲ ይዛ መጣች። ከብብቱ በቀር ምንም አልሆነም። ብብቱን ቆርጬ እጅጌ አልባ አደረግኩላት፣ ከጂንስ ላይ ትደርበዋለች። መንገድ ላይ ሳያት ደስ ይለኛል።

ከከዚራ የደወለች የቢሮ ሠራተኛ፦ «በሳምንት ሁለቴ ለሥራ ሐረር እወጣለሁ። እዚህ ያልበኛል፣ እዚያ ይበርደኛል። ምን ይሻለኛል?»

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ነው ለውጡ የሚሰማሽ። ወፍራም ልብስ ለብሰሽ አትነሺ። ጥጥ ሸሚዝ፣ ከላይ ቁልፍ ያለው ስስ ሹራብ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ነጠላ። በቃ። ነጠላ ታጥፋ ቦታ አትይዝም፣ አንገት ላይ እንደ ስካርፍ፣ ትከሻ ላይ እንደ ሻል ትሆናለች። የሱሪሽን ቀለም ከሁለት አታሳልፊ፣ ጥቁርና ቡኒ ወይም ካኪ፤ ያኔ ያለሽ ሸሚዝ ሁሉ ይሄድላቸዋል።

ከሐረር የደወለ አባወራ፦ «ለቤተሰቡ የምገዛው ሰልባጅ ነው። ርካሽም ጥሩም ይገኛል፣ አንዳንዴ ግን እከስራለሁ። ምን ልፈትሽ?»

ሰልባጅ ጥሩ ነገሩ ፈተናውን አልፎ መምጣቱ ነው። ታጥቦ ታጥቦ ያልተጣመመ ልብስ ከእንግዲህም አይጣመምም። አንተ የምትፈትሸው ጥገና የማይመልሳቸውን ነው። ብብቱን ወደ ብርሃን ያዘው፤ ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ተወው። ሹራብ ከሆነ ክርኑን እይ። የሱሪ መቀመጫውን በሁለት እጅ ወጠር አድርገው፤ ክሩ ሲንጫጫ ከሰማህ አልቋል ማለት ነው። ቁልፍ መጉደሉ፣ የዚፕ መበላሸት፣ የእጥፋት መለቀቅ አያሳስብህ። እነዚህን ዋጋ ማስቀነሻ አድርጋቸው፣ ልብስ ሰፊ ጋ በቀላሉ ይስተካከላሉ።

የላስቲክ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ። የሚለጠጥ ጂንስ ተስቦ ካልተመለሰ ውስጡ ያለው ላስቲክ ሞቷል፤ ማንም አያድነውም። የውስጥ ልብስና ካልሲ ከሰልባጅ አትግዛ። ሌላውን ሳትለብስ በፊት ጨርቁ የሚችለውን ያህል በሞቀ ውሃ እጠብ፣ ፀሐይ ላይ አስጣ።

ስሟን ያልተናገረች አድማጭ፦ «የባለቤቴ ነጭ ሸሚዞች ብብታቸው ቢጫ ሆነ። በረኪና ብጨምር ባሰበት።»

ይብስበታል እህቴ። ቢጫውን የሚያመጣው ላብ ከዲዮድራንት ጋር ሲገናኝ ነው፤ በተለይ አሉሚኒየም ያለበት ዲዮድራንት። በረኪና ላቡ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቢጫነቱን ያጠናክረዋል፣ የጥጡንም ክር ይበላዋል። በረኪናውን ተዪውና ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ ብብቱ ላይ ቀቢ። አንድ ሰዓት ቆይቶ በለስላሳ ብሩሽ አሽተሽ እጠቢ። ወይም ደግሞ ውሃ ውስጥ አንድ ስኒ አቼቶ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። አደራሽን፣ አቼቶና በረኪና በአንድ ሳፋ ውስጥ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ቢጫው ሳይወጣ ካውያ አታስነኪው፣ ያትመዋል። ባለቤትሽም ዲዮድራንቱ ሳይደርቅ ሸሚዙን አይልበስ።

በመጨረሻ መስመሩ የተቋረጠባቸው አባት ነበሩ። የሰማሁት «የሦስት ልጆቼ ዩኒፎርም በየዓመቱ ያጥራል...» የሚለውን ብቻ ነው። ሲሰፋ ታች እጥፋቱ ላይ ስምንት ሴንቲ ያህል ጨርቅ እንዲተው ይንገሩ። በዓመቱ ይለቀቃል። የድሮው እጥፋት መስመር ሆኖ ይታያል፤ እርጥብ ጨርቅ በአቼቶ ነክረው መስመሩ ላይ ያድርጉና ከላይ በካውያ ይጫኑት፣ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የትልቁን ልጅ ለትንሹ ሲያሳልፉም ያው እጥፋት ወደ ላይ ይመለሳል። አሁን ያለው ዩኒፎርም እጥፋት ከሌለው ከዚራ ይዘውልኝ ይምጡ፣ ከራሱ ቀለም ጨርቅ ፈልገን ታቹን እንቀጥለዋለን።