ከእርሳሷ ቁጥር በፊት ወረቀቱን

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ በተወሰነ ቁጥር ታትመው ስለሚሸጡ የዘመናችን አርቲስቶች ስክሪን ፕሪንቶች ነው። ቀለም በመረብ፣ ማለትም በስክሪን፣ እየተገፋ የሚታተምበት፣ ቲሸርት ላይ የምናውቀው ያው ዘዴ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ማለት ነው።

የገዢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ከታች በእርሳስ በተጻፈችው ቁጥር ላይ ነው። 23/150 ብትል፣ 23 የዚያ ቅጂ ቁጥር ነው፣ 150 ደግሞ የዕትሙ ብዛት። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲያንስ ዋጋው ይጨምራል ብሎ ያምናል። ድራይፖይንት በሚባለው፣ መዳብ በመርፌ ተጭሮ በሚታተመው ሥራ፣ እምነቱ ምክንያት አለው፤ ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ጭረቱ እየተዳጠ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይደምቃሉ። የስክሪን ፕሪንት መረብ ግን በ150 ቅጂ አይደክምም። ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን አለው። አንዱ ቀለም እስኪደርቅ ወረቀቶቹ መደርደሪያ ላይ ይቆያሉ፣ ለሚቀጥለው ሲነሱ ተራቸው ይዘበራረቃል። ፊርማና ቁጥር የሚጻፈው ሁሉም ካለቀ በኋላ ስለሆነ ቁጥር 1 መጀመሪያ የታተመው ላይሆን ይችላል። ለ«ትንሽ ቁጥር» ተጨማሪ የሚጠይቅ ሻጭ ቢመጣ እኔ አልከፍልም።

የዕትሙ ብዛትም ቢሆን ሙሉውን አይናገርም። ከቁጥሩ ውጭ የአርቲስቱ ቅጂ የሚባሉ አሉ፣ ኤ.ፒ. ተብለው ይጻፋሉ፤ የአታሚው ቅጂዎችም አሉ። የእንግሊዛዊውን የጎዳና አርቲስት የባንክሲን «ገርል ዊዝ ባሉን»፣ የልጅቷንና የፊኛውን ምስል፣ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የተፈረመው 150 ነው፤ ያልተፈረመው 600። ፊኛው በሌላ ቀለም የታተመባቸው የአርቲስቱ ቅጂዎችም አሉ። ስለዚህ ሻጭን «ከስንት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ይኼ ምስል በጠቅላላ፣ ተፈርሞም ሳይፈረምም፣ በሁሉም ቀለም ስንት ታተመ?» ነው ጥያቄው።

ፊርማ ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይገኝም። የአሜሪካዊው አርቲስት የአንዲ ዋርሆል የ1967 «ማሪሊን»፣ የተዋናይቷ የማሪሊን ሞንሮ ምስል፣ 10 ህትመቶች ያሉት ስብስብ ነው፣ 250 ስብስብ ታትሟል፣ እያንዳንዱ ወረቀት በሁለቱም በኩል 91.4 ሴንቲ ሜትር። ፊርማውም በማኅተም የተመታው ቁጥርም ከጀርባ ነው። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ «ሰንደይ ቢ ሞርኒንግ» በሚል ስም ተመሳሳዩ ምስል መታተም ጀመረ፤ ጀርባው ላይ «የራስህን ፊርማ ሙላበት» የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። በስሙ ተሽጦ በስሙ ከተገዛ ምንም ችግር የለበትም፣ ግድግዳ ላይ ያምራል። ጣጣው የሚመጣው የጀርባው ፎቶ ሳይታይ ወይም ጀርባው ካርቶን ላይ ተለጥፎ «ዋርሆል 1967» ተብሎ ሲቀርብ ነው።

ህትመቱ በእርግጥ ስክሪን ፕሪንት መሆኑን ለማወቅ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ኦፍሴት፣ ማለትም የመጽሔትና የፖስተር ህትመት፣ ከሆነ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች ተሰባስበው ክብ ክብ ሠርተው ታያላችሁ። ኢንክጄት ከሆነ ጠርዝ የሌለው ብናኝ ይመስላል። ስክሪን ፕሪንት ግን ቀለሙ ድፍን ነው፣ ጠርዙ ቁርጥ ያለ፤ መብራት ከጎን ሲበራበት ከወረቀቱ ከፍ ብሎ መቀመጡ ይታያል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ነጥብ ስላያችሁ ብቻ ሐሰት ነው አትበሉ። ዋርሆል ፎቶግራፍን በነጥብ ከፋፍሎ ነበር ስክሪን ላይ የሚያወጣው። ልዩነቱ እዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ድፍን የአንድ ቀለም ነጥብ መሆኑ ነው።

ቀለም ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማየት አዲስ አበባ የተወለደችውን ጁሊ ምሕረቱን አንሱ። በ2004 አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ካለው ሃይፖይንት ከሚባል የህትመት ስቱዲዮ ጋር የሠራችው «ኤንትሮፒያ» ሊቶግራፍን (ከድንጋይ ወይም ከብረት ሰሌዳ የሚታተመውን) እና ስክሪን ፕሪንትን አጣምሮ 32 ቀለም አለው፤ ዕትሙ 45 ብቻ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር መንሸራተት መስመርን ከመስመር ያጣላል። በ30ኛው ቀለም ላይ የተበላሸ ወረቀት 29 ቀለም ይዞ ይጣላል። የዕትም ቁጥር ማነስ ሁልጊዜ የገበያ ብልሃት አይደለም ለማለት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ከፍሬም የወጣ ፎቶ ጠይቁ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አንዱን ደግሞ መብራቱ ከጎን በርቶ። በጎን መብራት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ እጥፋቶች ይወጣሉ፤ ወረቀቱ በአንድ እጅ ሲነሳ የሚፈጠሩ ናቸው፣ ድፍን ጥቁር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይደበቁም። የወረቀቱን ልክ በሚሊ ሜትር ጠይቃችሁ ከአርቲስቱ ካታሎግ ጋር አስተያዩ፤ ጠርዙ ለፍሬም ተብሎ ከተቆረጠ ዋጋው ይወርዳል። ማቱ፣ ማለትም ፍሬም ውስጥ ህትመቱን እንደ መስኮት የሚከበው ካርቶን፣ ሥር ያለው ቀለም ከመሃሉ ከደመቀ ፀሐይ በልቶታል። ፍሎረሰንት ሮዝና ብርቱካንማ ከሁሉም ቀድመው ይሞታሉ፤ መድኃኒትም የላቸውም።

በሰነድ በኩል፣ የባንክሲ ሥራ ከሆነ የሚሠራው ከ2008 ጀምሮ ያለው፣ ፔስት ኮንትሮል የተባለው የራሱ የባንክሲ አረጋጋጭ ቢሮ ሰርተፊኬት ብቻ ነው፤ የጋለሪ ደብዳቤ አይተካውም። ለዋርሆል ግን አረጋጋጩ ቦርድ ከተዘጋ ቆይቷል፤ «አዲስ ማረጋገጫ አለው» ቢሏችሁ ከማን እንደሆነ ጠይቁ።

ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎ ከመጣ ወዲያው አትፍቱት። አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጅ ይፈታ፣ በአሲድ አልባ ወረቀት ሸፍናችሁ ጫፎቹ ላይ ክብደት አድርጉና በራሱ ጊዜ ይተኛ። ለማቃናት ብሎ ወደ ተቃራኒው መጠቅለል ቀለሙን ይሰነጥቃል።

ፍሬም ሠሪ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ተነጋገሩ። ኮላም ስኮችም አይነካውም። በሙቀት ካርቶን ላይ ማጣበቅ፣ ሥራው ቀጥ እንዲል ተብሎ የሚደረገው፣ ህትመቱን ከሰብሳቢ ገበያ ያወጣዋል። ከላይ በኩል ብቻ፣ በሁለት ቁራጭ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይንጠልጠል፤ ወረቀቱ ሲለጠጥ መንቀሳቀሻ እንዲኖረው፣ ሙጫውም ነገ በውሃ እንዲለቅ። ማቱ ከጥጥ የተሠራ ይሁን፤ ተራ ካርቶን ከጥቂት ዓመት በኋላ የመስኮቱን ቅርጽ ተከትሎ ቡናማ መስመር ያትማል። ህትመቱ መስታወቱን እንዳይነካ ማቱ ወይም ስፔሰር፣ ማለትም በመካከል የሚገባ ቀጭን ዘንግ፣ ያርቀው፤ እርጥበት ሲገባ ወፍራም ቀለም መስታወት ላይ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ተገንጥሎ ይቀራል። ዩቪ፣ ማለትም ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር፣ የሚያግድ መስታወት ጥሩ ነው፤ ዳሩ ግን የሚታየው ብርሃንም ያደበዝዛል፣ ስለዚህ መስኮት ፊት ለፊት አይሰቀልም። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ የውጭውን ግድግዳ ተዉት፣ ክረምት ላይ እርጥበቱ ከጀርባ ይመጣል።

ደረሰኙንና የሰርተፊኬቱን ኮፒ በፖስታ አድርጋችሁ ከፍሬሙ ጀርባ ለጥፉት፤ ዋናው ሰርተፊኬት ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ህትመቱ ጀርባ ላይ ግን ምንም አትጻፉ፣ በእርሳስም ቢሆን።