የፍጥነት ወሰን ማን ያውጣው? በምንስ ይያዝ?

[ምስል፦ ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም የሚወስደው መንገድ፣ ማታ]

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለዛች መንገድ ዳር ስለምትተከል ክብ ሰሌዳ ነው፣ ጠርዟ ቀይ፣ መሀሏ ላይ 50 ወይ 80 ወይ 100 የተጻፈባት። እቺን ቁጥር ማን አወጣት? በምን ሒሳብ? ብዙ ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰውዬ "በቃ 80 ይሁን" ብሎ የጻፋት ነው የሚመስለው፣ እውነት ለመናገር አንዳንድ ቦታ ላይ ስታዩዋትም እንደዛ ነው የምትመስለው።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ቁጥሩ መውጣት ያለበት መኪናው ስንት መሄድ ይችላል ተብሎ ሳይሆን እዛ መንገድ ላይ ማን ከምን ጋር ሊጋጭ ይችላል ተብሎ ነው። ሲያዝ ደግሞ አንድ ዛፍ ስር ተደብቆ ሳይሆን በረጅም ርቀት ላይ አማካይ ፍጥነቱ ተለክቶ መያዝ አለበት። ለምን እንደዛ እንደምል አብረን እንየው።

[ምስል፦ ሁለት መኪና ጎን ለጎን፣ በአኒሜሽን]

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ፣ አትፍሩ ቀላል ናት። ሁለት መኪና ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ ጎን ለጎን እየሄዱ ነው እንበል፣ አንዱ 50 ላይ ነው፣ ሌላኛው 60። ፊት ለፊት አንድ ልጅ ከቆመ አውቶብስ ኋላ ድንገት ብቅ አለ። ሁለቱም ሹፌሮች እኩል አዩት፣ ሁለቱም እግራቸው ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ፈጀባቸው፣ ይሄ ስልኩን የማይነካካ፣ ያልደከመው ሹፌር ነው። ባለ 50ው በዛች ሰከንድ ተኩል ውስጥ 21 ሜትር ተጉዟል፣ ከዛ ፍሬን ይዞ ሌላ 14 ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ በድምሩ 35 ሜትር። ልጁ 36ኛው ሜትር ላይ ከነበረ ደንግጦ ወደ እናቱ ይሮጣል፣ አለቀ።

ባለ 60ውስ? እሱ ገና ፍሬን ሳይነካ 25 ሜትር አልፏል። ባለ 50ው የቆመበት ቦታ ጋር ሲደርስ ስንት ላይ ያለ ይመስላችኋል? ሰው ስጠይቅ አብዛኛው "10 ይሆናል፣ ልዩነታቸው 10 አይደል" ነው የሚለኝ። 43 ነው። በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር! አንዱ ዜሮ፣ አንዱ 43። ምክንያቱም ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበትን ነው፣ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው፣ እና መኪና አብዛኛውን ፍጥነቱን የሚጥለው መጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው።

ይሄንኑ ወደ አዳማ መንገድ ውሰዱት። ባለ 100ው 97 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፣ ባለ 120ው እዛው ቦታ ላይ ሲደርስ ገና 77 ላይ ነው። ይሄ ሁሉ እንግዲህ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ ነው፣ ጎማው ጥርሱ ያለቀ ሆኖ ሐምሌ ላይ ዝናብ ከመጣ ሒሳቡን ተዉት።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ጎራን ኒልሰን ይሄን ነገር ከአንድ መኪና አውጥቶ በአገር ደረጃ አስልቶታል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እስካሁን ይጠቀምበታል። ባጭሩ አንድ መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነት በ1 ፐርሰንት ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 ፐርሰንት አካባቢ ይጨምራል። ስለዚህ "ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ቢጨምር ምን አለበት" የሚባለው ነገር ላይ መጠንቀቅ ነው፣ 10 ፐርሰንት ስትጨምሩ 10 አይደለም የሚጨምረው፣ ወደ 46 ነው።

[ምስል፦ ቀለበት መንገድ፣ ከድልድይ ላይ]

እሺ፣ ቁጥሩ እንዴት ይወጣል? አሜሪካኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት የሠሩበት ዘዴ አለ፣ 85ኛው ፐርሰንታይል ይባላል። መንገዱ ነፃ በሆነበት ሰዓት ዳር ቆመህ የመኪኖችን ፍጥነት ትለካለህ፣ ከ100 መኪና 85ቱ ከስንት በታች ነው የሚነዱት ትላለህ፣ እሱን ቁጥር ጠጋ አድርገህ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለህ። ሐሳቡ አብዛኛው ሹፌር እብድ አይደለም፣ መንገዱን አይቶ የሚበቃውን ፍጥነት ይመርጣል፣ ሕግ መያዝ ያለበት የተረፉትን 15ቱን ነው የሚል ነው።

እኔ ይሄን ዘዴ ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። የአዲስ አዳማን ፈጣን መንገድ እዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር፣ መሀሉ የተከፈለ፣ ዳሩ የታጠረ። እዛ ላይ እግረኛ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ፊት ለፊት የሚመጣብህም የለም። እንደዛ አይነት ቦታ ሹፌሮች በብዛት የሚነዱትን ፍጥነት ማየት ያስኬዳል፣ ምክንያቱም አደጋ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ፍጥነቱን የመረጠው ሰው ራሱና አብረውት ያሉት ናቸው፣ መኪናውም ቀበቶና ኤር ባግ አለው።

ቀለበት መንገድ ላይ ግን ይሄን ዘዴ ልጠቀም ብትሉ ጉድ ነው የሚፈላው። 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው ያለቀው፣ ሲታይ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ነዳጅ እርገጥ እርገጥ ይላል። ግን በሁለቱም በኩል ሰፈር ነው! ሰው ከዚህ ማዶ ይኖራል፣ ከዛ ማዶ ይሠራል፣ የእግረኛ ድልድዩ ሩቅ ሲሆንበት የመሀሉን ግንብ ዘሎ ይሻገራል፣ እቃ ተሸክማ የምትሻገር እናት ሁሉ ታያላችሁ። አሁን ዳር ቆማችሁ መኪና ስትለኩ የሴትየዋ አስተያየት የት ገባ? ልኬቱ ውስጥ የለችም፣ የለካችሁት የሹፌሩን ምርጫ ብቻ ነው። ከዛ ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ ሹፌሩ ትንሽ ይጨምራል፣ ከዓመታት በኋላ ድጋሚ ስትለኩ 85ኛውም ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት የመንገድ ምልክት መመሪያ ላይ ከተማ ውስጥ ይሄ ልኬት ብቻውን እንዳይወስን አድርገዋል።

ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላ ጫፍ ነው የጀመሩት። ጥያቄያቸው ሹፌሩ ስንት ይወዳል የሚል አይደለም፣ የሰው አካል ስንት ይችላል የሚል ነው። መኪናና እግረኛ የሚገናኙበት ቦታ 30፣ መኪና መኪናን ከጎን ሊመታ የሚችልበት መስቀለኛ 50፣ ፊት ለፊት ሊላተሙ የሚችሉበት መሀሉ ያልተከፈለ መንገድ 70፣ ሁሉም ነገር ተለይቶ ሲታጠር ደግሞ 100 እና ከዛ በላይ። ይሄ ነው እኔን ያሳመነኝ። እና የሚገርመው በዚህ ሒሳብ ከሄድን ፈጣን መንገዱ ላይ ብዙ የሚጨቃጨቁበት ነገር የለም፣ ጭቅጭቁ በሙሉ እንደ ቀለበት ያለው ነው፣ አውራ ጎዳና ልሁን ሰፈር ልሁን ያልወሰነ መንገድ።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ጣል ላርግ፣ ኮመንት ላይ ሁሌ ይመጣል፣ "አደጋ የሚያመጣው ቀስ ብሎ የሚነዳው ነው" የሚል። መነሻ አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዴቪድ ሶሎሞን የሚባል አሜሪካዊ ያወጣው ጥናት በጣም ፈጣኑም በጣም ቀርፋፋውም ብዙ እንደሚጋጩ አሳይቷል። ችግሩ ከቀርፋፋዎቹ ውስጥ ሊታጠፉ ፍሬን የያዙ፣ ገና ወደ መንገዱ የሚገቡ መኪኖችም ተቆጥረዋል ተብሎ ተተችቷል። ፈጣን መንገድ ላይ 40 እየሄድክ ግራውን መስመር መያዝ ነውር ነው፣ እሱ ላይ ተስማምተናል፣ ግን ከዛ ተነስቶ 140 መሄድ ይሻላል የሚለው አይወጣም።

ሌላው፣ ሰሌዳ ብቻውን ማንንም አያዘገይም። ሹፌር የሚያነበው አስፋልቱን ነው። መስመሩ ሰፊ፣ ጥጉ ክፍት፣ ዳሩ ባዶ ከሆነ 50 ብትጽፍለትም እግሩ 80 ነው የሚለው። ለገሃር መስቀለኛው ላይ የሆነ ጊዜ ቀለም ቀብተው፣ ጥጎቹን አጥብበው፣ እግረኛው የሚሻገርበትን ርቀት አሳጥረው ነበር፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ሚኒባሱ ግን ሲታጠፍ ሳይወድ በግድ ዝግ ይላል። ስለዚህ ቁጥር ሲወርድ መንገዱም አብሮ መቀየር አለበት፣ ካልሆነ ለትራፊክ ፖሊስ የቅጣት ማሳ አዘጋጀህለት ማለት ነው።

[ምስል፦ የክፍያ ጣቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ]

አሁን ወደ መያዙ። አሁን ያለውን አሠራር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ትራፊኩ ራዳር ይዞ ከኩርባ ኋላ ይቆማል፣ ከወዲያ የሚመጣው ሹፌር መብራት ብልጭ ብልጭ ያደርግልሃል፣ ፍሬን ትይዛለህ፣ ጨዋ መስለህ ታልፋለህ፣ ከዛ ድጋሚ ትረግጣለህ። የቆመ ካሜራም ብዙ ለውጥ የለውም፣ ቦታው ከታወቀ እዛች ጋር ብቻ ነው የሚታዘዘው። እና የተያዘው ሰው "አጠፋሁ" አይልም፣ "ዛሬ ዕድሌ ነው" ነው የሚለው። ቅጣቱን ሦስት እጥፍ ብታደርገው ያው ነው፣ ሰው የሚፈራው የብሩን ብዛት ሳይሆን እያዛለሁ አልያዝም የሚለውን ነው፤ ብሩ ሲበዛ ደግሞ እዛው መንገድ ዳር ድርድር የመጀመር ፍላጎቱም አብሮ ይበዛል።

መፍትሔው አማካይ ፍጥነት ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አውራ ጎዳናዎቻቸው ላይ ቱቶር የሚሉት ሥርዓት አላቸው፣ መግቢያ ላይ አንድ ካሜራ፣ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ሌላ ካሜራ፣ ታርጋህን ሁለቱም ያነባሉ፣ ርቀቱን ለሰዓቱ ማካፈል ነው፣ አለቀ። መሀል ላይ ፍሬን ብትይዝ፣ መብራት ቢያበሩልህ ምንም አይረዳህም።

እኛ ጋር ለዚህ ግማሹ ነገር ተዘጋጅቷል እኮ! የአዳማው መንገድ ላይ ስትገባ ይመዘገባል፣ ስትወጣ ትከፍላለህ፣ የገባህበትም የወጣህበትም ሰዓት አለ። ካፌ ቁጭ ብሎ "አዳማ በግማሽ ሰዓት ገባሁ" የሚል ጓደኛ ሁላችንም አለን አይደል? እንግዲህ ከጠዋቱ 2፡00 ቱሉ ዲምቱ ገብቶ 2፡30 አዳማ ከወጣ 85 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ማለት በአማካይ 170 ነው፣ በራሱ አፍ ተናዘዘ። በ120 ቢሄድ 42 ደቂቃ ተኩል፣ በ100 ደግሞ 51 ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፣ ለ8 ደቂቃ ተኩል ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ፣ እሷንም ቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ይበላታል።

ከወሰኑ ትንሽ ላለፈ ሰው መቻቻል መኖር አለበት፣ እሱን አልክድም። የመኪና ጌጅ በዓለም አቀፉ ደንብ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ አብዛኛው ትንሽ አብልጦ ነው የሚያሳየው፣ እንደዛም ሆኖ ወሰኑ 100 በሆነበት ቦታ 104 ለሄደ ሰው ክስ መላክ ሥርዓቱን ማስጠላት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2003 አውቶማቲክ ካሜራ ጀምረው የሞት ቁጥራቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ በደንብ ወርዷል፣ በ2018 ግን መሀላቸው ያልተከፈለ የገጠር መንገዶችን ከ90 ወደ 80 ሲያወርዱ ሕዝቡ ሳያምንበት ስለሆነ ቁጣው መጣ፣ በዛው ሰሞን ከአገሪቱ ካሜራዎች ከግማሽ በላዩ ተሰባብሯል ወይ ቀለም ተቀብቷል። ስለዚህ ካሜራው ያለበት ቦታ በግልጽ ይጻፍ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይታወቅ፣ ቅሬታ የሚሰማ ሰው ይኑር።

የቀረችው አንድ ከባድ ነገር፣ ካሜራ የሚያየው ታርጋ ነው፣ ታርጋ ደግሞ የባለቤቱ ነው። ሚኒባስ ላይ ሹፌሩና ባለቤቱ ሁለት ሰው ናቸው፣ ሹፌሩ ማታ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፣ ገቢዋ በምልልስ ብዛት ነው የምትሞላው፣ ታዲያ የሚበረው ወዶ ነው? እንግሊዝ አገር ደብዳቤው ለባለቤቱ ይሄድና በዛ ሰዓት ማን ይነዳ እንደነበር እንዲናገር ይገደዳል፣ ካልተናገረ ራሱ ይቀጣል። እኛ ጋር ደግሞ እኔ አንድ ደረጃ ልጨምርበት፣ አንድ ታርጋ በተለያዩ ሹፌሮች ስም ተደጋግሞ ከመጣ የቅጣት ደብዳቤው ለባለቤቱ ብቻ ይሂድ፣ ምክንያቱም ያኔ ችግሩ ያለው መሪው ላይ ሳይሆን የቀን ገቢው ስንት ይሁን ተብሎ የተወሰነበት ቦታ ላይ ነው።