«የራሳችን ታሪክ አልቆብህ ነው?»

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የማኅበራችን የመጻሕፍት ቀን አዘጋጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ በጻፉልኝ ደብዳቤ «ከየት ተነስተህ ጸሐፊ እንደሆንክና የእንግሊዝ ታሪክ ለምን እንደሳበህ ንገረን» ስላሉኝ ባጭሩ ከራሴ ልጀምር። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት አባል ሆንኩ፤ እዚያም የእንግሊዞችን የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ አንድ ወፍራም መጽሐፍ እጄ ገባ። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በገዛ አገሩ ችሎት ቆሞ ሞት እንደተፈረደበት ሳነብ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አልታየኝም። የእኛ ንጉሠ ነገሥት በ1975 ያለ ምንም ችሎት እንዴት እንዳለፉ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ የችሎቱ ፍርድ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ ችሎት መሰየሙ ራሱ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ዛሬ እዚሁ ለንደን በግሌ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ ጽሑፌ ሲታተም የክፍያ መጠየቂያ ልኬ እጠብቃለሁ፤ የቤት ኪራይ ግን አብሮኝ አይጠብቅም።

ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚሁ አዳራሽ ቡና እየጠጣን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ጥያቄ ለመናገር ነው፤ «ምነው ልጄ፣ የራሳችን ታሪክ አልቆብህ ነው?» ትሉኛላችሁ። በፍቅር እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ ከሌላው ወገን፣ ከመጽሔት አዘጋጆችም፣ ይመጣብኛል፤ ከዚያ ሲመጣ ግን ፍቅር የለበትም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በ1647፣ ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ ንጉሡን የወጋው፣ ክሮምዌል ከአዛዦቹ አንዱ የነበረበት የፓርላማው ሠራዊት መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ከቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው የፐትኒ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው አገሪቱ እንዴት ትተዳደር፣ ማንስ ይምረጥ በሚል ተከራከሩ። ኮሎኔል ሬንስቦሮ ተነስቶ፣ በእንግሊዝ ያለ እጅግ ድሃው ሰው እንደ ታላቁ ሰው ሁሉ የሚኖረው ሕይወት እንዳለው፣ ስለዚህም ፈቃዱን ላልሰጠው መንግሥት ሊገዛ እንደማይገባ ተናገረ። የክሮምዌል አማች አይርተን ደግሞ፣ በአገሩ ውስጥ ቋሚ ንብረት የሌለው ሰው በአገር ጉዳይ ድምፅ ሊኖረው አይገባም ብሎ ሞገተው። ይህን ክርክር የሠራዊቱ ጸሐፊ ዊልያም ክላርክ በአጭር እጅ ጽሕፈት መዝግቦት ነበር፤ ወረቀቱ ኦክስፎርድ ውስጥ በዎርስተር ኮሌጅ ተቀምጦ ለኅትመት የበቃው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የሬንስቦሮ ቃል ዛሬም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተጽፎ ይነበባል። እስቲ ከእናንተ መካከል «መሬት ለአራሹ» ሲባል በሰልፍ የነበራችሁ፣ ወይም በዚያው ሰልፍ ምክንያት መሬታችሁን ያጣችሁ (ሁለቱም ወገን እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ)፣ የአይርተንና የሬንስቦሮ ጠብ ለእናንተ ባዕድ ነውን?

ይህን ጉዳይ ለአንድ መጽሔት ልጽፈው ብዬ አሳቤን አቀረብኩ። አዘጋጁ በትሕትና መለሰልኝ፤ አሳቡ ግሩም ነው፣ ነገር ግን ለዚህ ሌላ ጸሐፊ እንፈልጋለን፣ አንተ ስለ መቅደላ ብትጽፍልን ይሻላል አለ። እሺ ብዬ ስለ መቅደላ ጻፍኩ። የጻፍኩት ግን መቅደላን የእንግሊዝ ታሪክ አድርጌ ነው፤ ምክንያቱም ነው! ፓርላማው በ1867 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ለሚዘምተው ጦር የፈቀደው ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ወጪው ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ የገቢ ግብር ጨመረ፤ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚመረምር የፓርላማ ኮሚቴም ተቋቋመ። የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ናፒየር 44 ዝሆኖች ከሕንድ አስጭኖ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ዙላ ላይ አራገፈ፤ የባቡር ሐዲድም ዘረጋ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 አምባው ከተያዘ በኋላ የተዘረፈው ንብረት ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በዚያው ፓርላማ ቆሞ፣ የእንግሊዝ ጦር ዘውዱንና ጽዋውን የመሰሉ ዕቃዎች ይዞ መምጣቱ እጅግ እንደሚያሳዝነው ተናገረ። ይህ ሁሉ በራሳቸው እጅ የተጻፈ፣ በራሳቸው መዝገብ ያለ የራሳቸው ታሪክ ነው። ጽሑፌ ታትሞ ሲወጣ ግን ግብሩም፣ ኮሚቴውም፣ ግላድስተንም ተቆርጠው ወድቀዋል። የቀረው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ኀዘን ብቻ ነበር።

ኀዘኑ እውነት ነው፤ በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ የሞተው ልጅ አፅም እስከ ዛሬ ዊንዘር ነው፤ በ2023ም ይመለስ ቢባል ቤተ መንግሥቱ አልፈቀደም። ለእኛ የተፈቀደልን ግን ማልቀስ ብቻ ሊሆን ነውን? ሒሳባቸውን መመርመር፣ ንጉሣቸውን ለምን እንደቀጡ መጠየቅ፣ ፓርላማቸው መቼ እንደዋሸና መቼ እውነት እንደተናገረ መጻፍ የሌላ ሰው ሥራ ነውን?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ነገሥታታችንን፣ ሹማምንታችንን፣ ምግባችንን ሳይቀር ጽፏል። የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቁ ዊልያም ራይት በ1877፣ ከ1847 ወዲህ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡትን የግዕዝ መጻሕፍት፣ ከመቅደላ የመጡትን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ዘርዝሮ አሳትሟል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነዋል፤ እኛም አክብረን በቅድስት ሥላሴ ቀብረናቸዋል። ከእነዚህ አንዳቸውንም «የእንግሊዝ ታሪክ አልቆብህ ነው?» ብሎ የጠየቀ አለን? የለም! እነሱ እኛን ሲያጠኑ ሊቅ ይባላሉ፤ እኛ እነሱን ስናጠና ግን ሥራ ፈት እንባላለን። ይህን ከመጽሔቱ አዘጋጅ ብሰማ አይገርመኝም፤ ከእናንተ ስሰማ ግን ያንገበግበኛል።

ስለ ሪቻርድ እናት ስለ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ጋዜጣና በ1942 በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መካከል ስለተፈረመው ስምምነት፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ይሁን ስላለው ውል፣ ልናገር አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ስለማይበቃ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ስለ ጸሐፊ ክፍያም እንዲሁ።

አሁን የያዝኩት ሥራ ንጉሡን በሕግ ካሰረው ከ1215ቱ ቃል ኪዳን ከማግና ካርታ ጀምሮ ያለውን የእንግሊዝ ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ነው። አታሚ አላገኘሁም፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ግን በዚህ ማኅበር የንባብ ክበብ ላይ አቀርባለሁ። ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት አብረውኝ መሄድ የሚፈልጉ ወጣቶች በር ላይ ባለው መዝገብ ስማቸውን ያስፍሩ። የንባብ ካርዱ በነጻ ነው፤ ስማችሁንና አድራሻችሁን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያዙ። እስክሪብቶ ይዞ ሰነድ ፊት መቀመጥ ስለማይፈቀድ እርሳስ እኔ አመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።