ጉንጬ ቀጠነ፣ መንጋጋዬስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ካለፈው ክፍል በኋላ አንዲት አድማጭ መልእክት ላከችልኝ። «ስታወሪ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል፤ ማይክሽን አሳዪው» ትላለች። ገመድ ቀየርኩ። ማይኩንም ራቅ አደረግኩት። ከዚያ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ማይኩ ምንም አልሆነም። መንጋጋዬ ነው! አፌን ሰፋ አድርጌ በከፈትኩ ቁጥር በግራ በኩል ቀጭ ይላል።

እንግዲህ ከታወቀ አይቀር ዛሬ ስለሱ ላውራ። የመንጋጋዬን ሕመም በመርፌ ልገላገለው ብዬ ስለሞከርኩትም ነገር። ሰው «መርፌው እንዴት ሆነልሽ?» ሲለኝ «ደህና ነው» እያልኩ ሳልፍ ከርሜያለሁ። ደህና አልነበረም።

ሕመሙ ጠዋት ስነሳ ይጀምረኛል። ከጆሮ ግንዴ ይነሳና ወደ ግንባሬ ጎን ይወጣል። አንዳንዴ ጥርሴን ያመመኝ ይመስለኛል፤ ጥርሴ ሲታይ ግን ደህና ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጆሮዬን ነው እላለሁ። ለካ ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። «ድንጋይ የምትፈጪ ነው የሚመስለው» አለችኝ፣ ያውም ከግድግዳ ማዶ ሆና።

ደግሞ እኛ ጥርስ መንከስ እንወዳለን። «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው» ተብሎ ያልተመከረ ማን አለ? እኔ ምክሩን ተኝቼም ስፈጽመው ኖሬያለሁ።

አንድ ሌሊት አሞኝ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። አንዷ ጉንጯን ቦቶክስ ተወግታ «ተገላገልኩ» ትላለች። በማግስቱ ቀጠሮ ያዝኩ። የያዝኩት የውበት መርፌ የሚሰጥበት ቦታ ነው። በቃ፣ ሰው ሲያመው ብዙ አያጣራም።

ቦቶክስ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦቱሊነም ከሚባለው ባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ነው፤ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተመጥኖ የሚሰጥ። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» የሚለው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። መርዙ ይህ ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግደዋል። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ይላላል። እስቲ እጃችሁን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉና ጥርሳችሁን ንከሱ። ጉብ ያለው ይታወቃችኋል? ማሴተር ይባላል። የሚወጋው እሱ ነው።

«ንከሺ» አለችኝ ባለሙያዋ። ነከስኩ። በነጭ እርሳስ ጉንጬ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገች። «ልቀቂ።» ለቀቅኩ። አምስት በግራ፣ አምስት በቀኝ፤ በየጎኑ 25 ዩኒት። መርፌው ቀጭን ስለሆነ ብዙም አያምም። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። «ፊትሽም ቀጠን ይላል፤ እሱ ምርቃት ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ያልተደረገው ነገር ነው። አፍሽን ክፈቺ፣ ዝጊ አላለችኝም። ጆሮዬ ፊት ያለውን መገጣጠሚያ በጣቷ አልዳሰሰችም። «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለችኝ፣ እኔ በእጄ ጉንጬን በደፈናው አሳየኋት፣ ምርመራው አለቀ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። በሁለተኛው ላይ ማኘክ ደከመኝ። አንድ ካሮት ይዤ መሃሉ ላይ ስደርስ መንጋጋዬ እንደ ሮጠ ሰው እግር ዛለ። ይሄ እንኳ ይጠበቃል። ያልጠበቅኩት ፈገግታዬን ነው። ስስቅ የግራው የከንፈሬ ጫፍ አብሮ አልሄድ አለ። መድኃኒቱ ትንሽ ወደ ጎን ፈሶ ከንፈርን የሚስበውን ጡንቻ ነክቶታል። ውስጡ እያረረ ለሚስቅ ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይባል የለ? የኔ ጥርስ ባዳነቱንም በግማሽ አደረገው።

ደወልኩ። «ይጠፋል፣ ጠብቂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከመጠበቅ ሌላ ምንም የለም። ፊለር የሚባለው፣ ፊት ለመሙላት የሚወጋው ነገር፣ አንዳንዱ ካልተወደደ በመድኃኒት ይሟሟል፤ ቦቶክስ ግን አንዴ ከገባ ጊዜው እስኪያልቅ ነው። ፈገግታዬ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት።

በዚያው ሰሞን ጉንጬ መቅጠን ጀመረ። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል። ታዲያ ያገኘኝ ሁሉ «አምሮብሻል! ምን ተገኘ?» ይለኛል። ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው! ፎቶ ላይ በእውነትም አምሮብኛል። ከጆሮዬ ፊት ግን እንደ ድሮው ይወጋኛል። ቀጭ ማለቱንም አልተወም። ላለመዋሸት፣ የጉንጬ መወጠር ለሁለት ወር ያህል ቀለል ብሎልኝ ነበር። በአራተኛው ወር እሱም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው የመንጋጋ መገጣጠሚያ የሚያክም ሐኪም ጋ የሄድኩት። ጣቱን ጆሮዬ ፊት አደረገና «ክፈቺ፣ ዝጊ» አለኝ። ደግሞ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ»። አፌ ስንት እንደሚከፈት በማስመሪያ ለካ። በመገጣጠሚያው መሃል ዲስክ የምትባል እንደ ትራስ ያለች ትንሽ ነገር አለች፤ የኔዋ ወደ ፊት ሸርተት ብላለች። ቀጭ የሚለው አፌን ስከፍት አጥንቱ ተመልሶ እሷ ላይ ሲወጣ ነው። «መርፌው ጡንቻውን አላልቶታል። ዲስኩን ግን የት ያገኘዋል?» አለኝ። ጥርስ ማፋጨቱም ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው። መርፌው የንክሻውን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ትእዛዙን አይሰርዝም።

ቤት ስገባ ስወጋ የፈረምኩበትን ወረቀት አወጣሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መድኃኒቱ ለዚህ ሕመም ያልጸደቀ መሆኑን ተረድቻለሁ ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ጠይቄ እንደገባኝ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ቦቶክስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓይን ጡንቻ ችግሮች፣ በ2002 ለቅንድብ መሃል መሸብሸብ፣ በ2010 ሥር ለሰደደ ማይግሬን አጽድቆታል። የመንጋጋ ሕመም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያልጸደቀ ማለት የተከለከለ ማለት አይደለም፤ ሐኪም አይቶና አመዛዝኖ ሊሰጠው ይችላል። የጠቀማቸው ሰዎችም አሉ። እኔን ያላየኝ ሰው ምኑን አመዛዘነ? ደግሞ እኔስ፣ ሳላነብ መፈረሜ?

አሁን ሌሊት ሌሊት ጥርሴ ላይ የሚጠለቅ ፕላስቲክ አደርጋለሁ። ሳወልቀው ምራቅ በምራቅ ነው፣ ስለ ውበቱ አትጠይቁኝ። ማታ ጉንጬን በሞቀ ፎጣ እይዛለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ከንፈሬን ገጥሜ ጥርሴን ማለያየት እለማመዳለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? ኮምፒውተር ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ሞክሩት። እኔ በቀን ሃያ ጊዜ ነክሼ አገኘዋለሁ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው እሱን መሆኑ ቀርቷል።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ከተወጋሁበት ቦታ የጽሑፍ መልእክት ገባልኝ። «ቀጣዩ ዙር ደርሷል፤ ቀጠሮ ይያዙ» ይላል፣ ከሥሩ የምትስቅ ፊት አለች። የሷ ከንፈር በሁለቱም በኩል እኩል ወጥቷል።

ድምፁን በተመለከተ ሐኪሙ «ካላመመሽ ቀጭ ማለቱ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም» ብሎኛል። ከቅጂው ላይ እየለቀምኩ ላወጣው አስቤ ነበር። ሁለት ሰዓት ከታገልኩ በኋላ ተውኩት። ስለዚህ ዛሬም ሰምታችሁታል። መልእክት የላክሽልኝ እህቴ፣ ማይኩ ደህና ነው።