መግደሉንማ ያውቅበታል

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን።

ባለፈው ሳምንት ንብ ነደፈችኝ፣ አውራ ጣቴ ላይ። ያኔ ከአፌ የወጣውን እዚህ አልደግመውም። ንቧ ሄዳለች፣ መንደፊያዋ ግን ቆዳዬ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የስፒል ራስ የምታህል ከረጢት ተንጠልጥላለች። ጠጋ ብዬ ሳያት ትንቀሳቀሳለች! ጭብጥ፣ ለቀቅ፣ ጭብጥ፣ ለቀቅ። ባለቤቷ በሌለችበት መርዙን እየገፋች ታስገባለች፣ እኔም እንደ ሞኝ ቆሜ አያታለሁ። እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ፣ ቶሎ ነቅላችሁ ጣሏት፤ በቆየች ቁጥር የምታስገባው ይጨምራል።

እና ጣቴ አብጦ እንቅልፍ ሲነሳኝ ስለዚህ መርዝ ማንበብ ጀመርኩ። ሳላስበው ነጋ።

የንብ መርዝ ውሃው ሲደርቅ ግማሽ ያህሉ ሜሊቲን የሚባል ነገር ነው። 26 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች ናቸው) የተቀጣጠሉበት አጭር ሰንሰለት፣ ፔፕታይድ ይሉታል። የሴል ሽፋን ውስጥ ገብቶ ይበሳል። ከተበሳ በኋላ ሴሉ የያዘውን ሁሉ ይዘረግፋል፣ አለቀለት። ባክቴሪያ ቢሆን፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ቢሆን።

ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች የሚያነጣጥሩት ባክቴሪያው ውስጥ ባለች አንዲት ነገር ላይ ነው። ባክቴሪያው ያቺን ትንሽ ቀየር ካደረጋት መድኃኒቱ ዒላማውን ይስታል። ሽፋኑን በሙሉ መቀየር ግን ቤትን አፍርሶ እንደ መሥራት ነው። አይቻልም አልልም፣ ግን ይከብዳል። ጊዜ ደግሞ የለንም፤ በ2019 ብቻ (የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ተብሎ ተገምቷል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 በኖቤል ንግግሩ ላይ፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን ያለማምደዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እኔ ራሴ ስንቴ ነው ሲሻለኝ የቀረውን እንክብል መሳቢያ ውስጥ ረስቼ የተውኩት? ይቅር፣ እሱን ተዉት።

ችግሩ ሜሊቲን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ቀይ የደም ሴሎቻችንንም ይበሳል። መግደሉንማ ያውቅበታል፣ የጎደለው መምረጥ ነው። እና ይሄን ዘርፍ ሳነብ ቆይቼ የገባኝ ይሄ ነው፤ ገዳይ ነገር ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው፣ ከባዱ ገዳዩን ማረም ነው።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። የባክቴሪያ ሽፋን ከውጭ በኩል ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ የእኛ ሴሎች በዚያ በኩል ያን ያህል የላቸውም። እነዚህ ፔፕታይዶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ ሰንሰለቱን እዚህ ቆረጥ፣ እዚያ ቀየር እያደረጉ ወደ ባክቴሪያው እንዲያደላ ማድረግ ይቻላል። በ2020 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ ተርብ ፔፕታይድ ወስደው አንዱን ጫፉን ባክቴሪያ በመግደል በሚታወቅ ቅንጣቢ ተኩት። ገዳይ ኢንፌክሽን ከያዛቸው አይጦች በአዲሱ የታከሙት 80 በመቶ ተረፉ። ያልተነካው የተርቡ ፔፕታይድ ግን መጠኑ ከፍ ሲል አይጦቹን ራሱ ይጎዳቸዋል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የጊንጡ ታሪክ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ያለ ጊንጥ ነው። መርዙን ያልቡታል፣ አዎ፣ እንደ ላም፣ ጭራውን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ። ሲወጣ ቀለም የለውም። አየር ሲነካው ግን ቀለሙ ይለወጣል። ውስጡ ሁለት ነገሮች ተገኙ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ቀዩ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ፣ ሰማያዊው የቲቢን ባክቴሪያ ይገድላል፣ መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ ጨምሮ። የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው ይሄንን ያወቁት ከአንድ ጠብታ እጅግ ባነሰ መርዝ ነው። ከዚያ በኋላ ጊንጡን ማስቸገር አላስፈለገም፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ራሳቸው ሠሩት።

ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም ይባላል አይደል? ካፕቶፕሪል የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ሐሳቡ የመጣው ከብራዚል እፉኝት መርዝ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ1981 ጸደቀ። ለጀርም ግን ነገሩ ይለያል። እስካሁን ከመርዝ ተወልዶ ሐኪም የሚያዝልን አንቲባዮቲክ የለም። ፔፕታይዱ ደም ውስጥ ቶሎ ይቆራረጣል፣ ለመሥራትም ውድ ነው፣ ወዳጅና ጠላት መለየቱም ገና ነው።

በ2025 ደግሞ እነዚያው የፔንሲልቬንያ ሰዎች ከ40 ሚሊዮን በላይ የመርዝ ፔፕታይዶችን በኮምፒውተር አበጠሩ። 58 መርጠው ሠሩ፣ 53ቱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ገደሉ። አያችሁ፣ መግደሉማ እንዲህ ነው የሚገኘው። ከ53ቱ ስንቱ ሰውን ሳይነካ ያልፋል፣ እሱ ነው የዓመታት ሥራ።

አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን ሰምታችሁ ቁስላችሁን በንብ እንዳታስነድፉ። አለርጂ ያለበትን ሰው አንዲት ንብ ልትገድለው ትችላለች።

ጣቴ አሁን ደህና ነው፣ ትንሽ ያሳክከኛል። መንደፊያዋን አልጣልኳትም፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ። ከረጢቷ ደርቃ ቢጫ ሆናለች። በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።