ኪሮሽ ላይ የማጭበረብርባቸው መንገዶች

(ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ቢጫ የአንገት ልብስ። አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ።)

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እስቲ ይሄን እዩልኝ። የአንገት ልብስ ነው። ሊሆን ነበር ማለት ይሻላል። ስጀምረው በአንድ ረድፍ 40 ዓይን ነበረው። እዚህኛው ጫፍ ላይ ስንት እንደቀረ አብረን እንቁጠር... ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። አለቀ። ዘጠኙ የት ገቡ?

ዓይን የምለው እያንዳንዷን በመንጠቆ የምትወጣ ቀለበት ነው። እናንተ ሰፈር ሌላ ስም ካላት በዚያው ውሰዱልኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ሥራዬ ደግሞ መሀል ከተማ ነው። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። ስልክ ይዞ መቆም ስለማያስተማምን እኔ ክርና መንጠቆ ይዤ እቆማለሁ፤ መንጠቆ የሚነጥቅ ሌባ እስካሁን አልገጠመኝም። አብዛኛው ሥራዬ የተሠራው እንግዲህ ሰልፍ ላይና አውቶብስ ውስጥ ነው። መጥፎ ልማዶቼም እዚያው ነው የተወለዱት።

አስተማሪ አይደለሁም። ኪሮሽ ከእናቴ ነው የለመድኩት፣ የቀረውን ከስልክ። የዛሬው ቪዲዮ ኑዛዜ ነው በሉት።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላሳያችሁ፣ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

(እጅ ከቅርብ፤ መንጠቆው ሲወጣ።)

ሹራብ በሁለት መርፌ ስትሠሩ የረድፉ ዓይኖች በሙሉ መርፌው ላይ ናቸው። መርፌው ካመለጠ ጉድ ነው። ኪሮሽ ላይ ግን ክፍት የምትሆነው አንዲት ዓይን ብቻ ናት። አያችሁ? መንጠቆውን አወጣሁት፣ ምንም አልሆነም። ክሩን ስስበው ተር ተር ተር እያለ ይፈታል፣ የፈለግኩበት ላይ ሳቆም ያቺኑ አንዷን ዓይን መልሼ እይዛለሁ። በዚህ ምክንያት ኪሮሽ ላይ መሳሳት ብዙም አያስፈራም። ስለዚህ እኔ መጥፎ ልማድ የምለው መልሼ እንዳልፈታ የሚያደርገኝን ወይም ስህተቱን በጣም ዘግይቼ እንዳይ የሚያደርገኝን ነው። የቀረው ስንፍና ነው፣ ስንፍና ደግሞ ማን ላይ የለም?

ወደ ቢጫዋ ልመለስ። ዘጠኙ ዓይኖች የጠፉት እንዲህ ነው። ይሄ የተሠራው በረጅሙ ነው፣ መንጠቆው ላይ አንድ ጊዜ ክር ጠምጥመን በምናወጣው። ረድፍ ስንጀምር ከፍታውን ለማግኘት ሦስት ሰንሰለት እናወጣለን። እነዚያ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ዓይን ይቆጠራሉ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው። ተመልሳችሁ ስትመጡ የረድፉ የመጨረሻ ዓይን ማለት የሦስቱ ሰንሰለት አናት ነው፣ እሱ ደግሞ ዓይን አይመስልም፣ ጎበጥ ብሎ ጠርዝ ላይ ይደበቃል። አውቶብስ ውስጥ፣ ሰው ትከሻዬ ላይ ተደግፎ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ፣ «ጨረስኩ» ብዬ እዞራለሁ። አንድ ዓይን ቀረ ማለት ነው። የሚቀጥለው ረድፍ 39 ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ልብሱ ወደ ሦስት ማዕዘን ይሄዳል። በአጭሩ፣ ማለትም ሳይጠመጠም በሚሠራው፣ መነሻው አንድ ሰንሰለት ብቻ ስለሆነና ብዙ ጊዜ ስለማይቆጠር ይሄ ችግር ይቀላል።

መድኃኒቱ ሁለት መርፌ ቁልፍ ነው። አንዱን የረድፉ መጀመሪያ ዓይን ላይ፣ አንዱን መጨረሻው ላይ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ባለቀለም ፕላስቲክ አለ፣ ግን መርፌ ቁልፍ እያለ ምን ያደርጋል። ወይም የሌላ ቀለም ቁራጭ ክር እሰሩበት። እና በየአምስት ረድፉ ቁጠሩ። እኔ «ዓይኔ ይለካል» ባይ ነበርኩ። አይለካም።

በክብ ስትሠሩ ደግሞ የመቁጠር ጣጣው ሌላ መልክ አለው። ክቡ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በአጭሩ ከሆነ በ6 ዓይን ጀምራችሁ በየዙሩ 6 ትጨምራላችሁ፣ በረጅሙ ከሆነ በ12 ጀምራችሁ በየዙሩ 12። ከዚያ ካነሰ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰበሰባል። ከበዛ ይጨማደዳል። አንድ ጊዜ ለጠረጴዛ ዳንቴል ስሠራ «ትንሽ ልጨምርበት፣ ታጥቦ ይተኛል» አልኩ። ጠርዙ እንደ ሰላጣ ቅጠል ተጥመለመለ። ታጠበ፣ ተወጠረ፣ ካውያ አየ፣ ወይ ፍንክች። በነገራችን ላይ ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆና ይሄንኑ ሆን ብላ አድርጋዋለች። በተወሰነ ልክ ዓይን እየጨመረች ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ ወደ ጠርዙ እየሰፋ የሚጥመለመለውን ገጽታ፣ በእጅ ተይዞ የሚዳሰስ አደረገችው። እሷ ስታደርገው ሒሳብ ሆነ፣ እኔ ሳደርገው እናቴ «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ።

(ትንሽ ሰማያዊ ኮፍያ።)

ይቺ ደግሞ የለካሁ መስሎኝ ያልለካኋት ናት። ጎረቤቴ ወለደች። አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ኮፍያ ልሥራ አልኩ። የአራስ ጭንቅላት ዙሪያው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተከተልኩት አሠራር በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ዓይን ይገባል ብሎ 56 ዓይን ይጠይቃል። ሠራሁ። 56፣ አንድም አልጎደለም፣ ያን ቀንስ ቆጥሬያለሁ። ሄጄ ሳጠልቅለት ኮፍያው አፍንጫው ድረስ ወረደ። እትዬ፣ ከታች ፎቅ ያሉት፣ «ለአባቱ ነው ያመጣሽው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ምን ሆነ? የኔ እጅ ላላ ያለ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር የሚገባልኝ 13 ዓይን ብቻ ነበር። 56ን በ13 አካፍላችሁ በ10 ስታበዙት 43 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ያ የስድስት ወር ልጅ ጭንቅላት ነው። ይሄን ሁሉ የሚነግረኝ 10 በ10 የሆነ የሙከራ ቁራጭ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ፣ እሱን «ክር ማባከን» ብዬ ዘለልኩት። ክሩ እኮ አይባክንም፣ ለክታችሁ ትፈቱታላችሁ! ዓይኑ ካነሰ ቀጠን ያለ መንጠቆ፣ ከበዛ ወፈር ያለ። መንጠቆ ስትገዙም እጀታው ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን እዩ፤ ፊደሉና ቁጥሩ እንደ አገሩ ይለያያል።

ለዳንቴል፣ ለጠረጴዛ ልብስ፣ ለአንገት ልብስ ግን እኔ ዛሬም የሙከራ ቁራጭ አልሠራም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ጠረጴዛው አይከሰኝም። ይሄን አቋራጭ እወደዋለሁ፣ አልተወውም።

ከስልክ ለምትማሩ አንድ ነገር ላንሳ። እንግሊዝና አሜሪካ በአንድ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው የሚያወሩት። አሜሪካኖቹ «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን እንግሊዞቹ «ደብል» ይሉታል። የአሜሪካው «ደብል» ለእንግሊዞቹ «ትሬብል» ነው። የመጀመሪያውን ደቂቃ ዘልዬ መሀሉ ላይ ስለምጀምር የሕፃን ብርድ ልብስ ግማሹን በአጭሩ ሠርቼ «ለምንድን ነው የማያድገው?» እያልኩ ሳምንት ፈጀሁ። «ሲንግል» የሚል ቃል ከሰማችሁ አሜሪካዊ አሠራር ነው። በሥዕል የተቀመጠ ካገኛችሁ ደግሞ ተገላገላችሁ፤ መስቀል ወይም ኤክስ የምትመስለው አጭሩ ናት፣ አንድ ሰረዝ ያላት ቲ ረጅሙ።

የክር ነገር። አንድ ጊዜ መርካቶ ስድስት ድቡልቡል ገዛሁ፣ አልበቃም። በወሩ ተመልሼ ሁለት ጨመርኩ። «ያው ነው እህቴ፣ አንድ ዓይነት ነው» አለኝ ልጁ። አምፖል ሥር አንድ ዓይነት ነበር። ቤት መጥቼ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው አንዱ የእንቁላል አስኳል፣ አንዱ የበሰለ ሙዝ። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ስም አጠገብ የማቅለሚያው ዙር ቁጥር አለ፣ «ሎት» ይባላል። ያ ቁጥር ከተለያየ ቀለሙም ሊለያይ ይችላል። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ እኔ ነኝ ወረቀቱን ገና ታክሲ ውስጥ ቀድጄ የጣልኩት። አሁን ወረቀቱን ከቁራጭ ክር ጋር አስሬ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ወረቀቱ ቢኖር ኖሮ ከካውያም ያድነኝ ነበር። ካውያ ሌላ ጉድ ነው። አክሪሊክ ክር ሙቀት ሲነካው ይሞታል። ይቃጠላል አላልኩም፣ ሬሳ ይሆናል፤ ያ ለስለስ ብሎ የሚነፋው ነገር ይጠፋና ጨርቁ ልፍስፍስ ይላል፣ አይመለስም። አርጥባችሁ፣ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ፣ ጠርዙን በስፒል ይዛችሁ ይድረቅ። ጥጥ ከሆነ ካውያውን ይችላል።

መብራት ሲጠፋ በሻማ ጥቁር ክር መሥራትም አለ። እሱን ማብራራት ያስፈልጋል? አታድርጉት። ነጭ ክር ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ወይም ተኙ።

አሻንጉሊት ላይ ቀልድ የለም። ፌስታል ሞልቼ አውቃለሁ፣ ልጁ ባቀፈው ቁጥር ሲንኮሻኮሽ ዋለ። እሱ ያስቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ለአሻንጉሊቱ ዓይን ብላችሁ ቁልፍ አትስፉበት። ይነቀላል፣ ይዋጣል፣ ያንቃል። ዓይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት፣ እንደውም ያምራል።

አሁን ወደ ትልቁ ኃጢአቴ። ክር ሲያልቅ አሮጌውንና አዲሱን ቋጥሬ፣ ጭራውን ሥሩ ላይ በመቀስ ቆርጬ እቀጥላለሁ። አሥር ሰከንድ። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ማን መርፌ ያወጣል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ግን ለዚህ ነው የሚመስለኝ፣ ሦስተኛ እጥበት ላይ ቋጠሮው ይላላና ቀዳዳ ይከፈታል፣ መልሳችሁ እንዳትጠግኑት ጭራ የለም። ባይላላ እንኳ ፊት ለፊት ወጥቶ እንደ ብጉር ይቀመጣል።

ትክክለኛው ይሄ ነው። የአንዷ ዓይን የመጨረሻ ስቦሽ ሲቀር በአዲሱ ክር ታወጡታላችሁ። ከሁለቱም ክር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ ትተዋላችሁ። በኋላ አፍንጫዋ ደብዘዝ ያለ፣ ቀዳዳዋ ሰፊ መርፌ ላይ አግብታችሁ በዓይኖቹ ሆድ ውስጥ ወደ ቀኝ፣ ተመልሳችሁ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ላይ። አቅጣጫ ሲቀያየር ነው የሚይዘው። እውነተኛ የበግ ሱፍ ከሆነ ሁለቱን ጫፍ አርጥቦ መዳፍ ውስጥ አጥብቆ ማሸት ብቻ ያጣብቀዋል፣ አንዳንዶች በምራቅ ነው የሚሠሩት፤ አክሪሊክና ጥጥ ላይ አይሠራም። ጭራዎቹንም እስከ መጨረሻው አታጠራቅሙ። ብርድ ልብስ ጨርሼ 64 ጭራ ተንጠልጥሎ አግኝቼ ሦስት ወር ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እሺ፣ ቢጫዋን እንፍታት። 40 ዓይን ያለበት ረድፍ እስክንደርስ። መንጠቆ ወጣ። ክሩን ያዝኩ።

(ክሩ ሲሳብ፤ ድምፁ ይሰማል።)

33... 34... ይሄ ረድፍ 35 ነው... ይሄ ድምፅ ሲጥም! 37... 

ቆይ።

ቆመ። አልሳብም አለ። ካሜራውን ላቅርብላችሁ። ይታያችኋል፣ እዚህ ጋ፣ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ የተቀረቀረው? ቋጠሮ ነው። ጭራው ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። መቼ እንደሠራሁት እንኳ አላስታውስም፣ ምናልባት ሰልፍ ላይ።

መርፌ ላምጣ፣ ጠብቁኝ።